ድሬ ሙቀት ላይ ድራፍቱ አረፋ ብቻ እየሆነ ላስቸገራችሁ

ቤታችሁ ድራፍት ተክላችሁ ስትቀዱ ታች ሦስት ጣት ቢራ ከላይ ሙሉ አረፋ እየሆነ ያስቸገራችሁ ካላችሁ ይሄን የምጽፈው ለእናንተ ነው፣ በተለይ እንደኔ ድሬ ወይ ሐረር ለምትኖሩ፣ ምክንያቱም እኔ ከዚህ አረፋ ጋር ስምንት ወር ነው የታገልኩት፣ የሚያውቅ ሰው አንድ ከሰዓት ቁጭ አድርጎ ቢያስረዳኝ ኖሮ ግን በሁለት ቀን ያልቅ ነበር። ስንት ሊትር ወደ ፍሳሽ እንደደፋሁ ሳስበው እስካሁን ያናድደኛል። ከ30 ሊትር በርሜል 60 የግማሽ ሊትር ብርጭቆ መውጣት አለበት አይደል፣ እኔ አንዴ ቆጥሬ 37 ነው ያገኘሁት። ሌላው በሙሉ አረፋ ሆኖ ሄደ።

እቃው ከየት መጣ ለምትሉ፣ አጎቴ ግሮሰሪ ነበረው፣ ሲዘጋው እቃውን ለኔ ተወልኝ። ወደ ላይ የሚከፈት ትልቅ ፍሪዘር፣ ክዳኑ ላይ የቆመ የብረት ቱቦና ጫፉ ላይ መቅጃው ቧንቧ፣ የጋዙን ግፊት የሚያስተካክለው ሬጉሌተር፣ ጎማዎች፣ በርሜሉ አናት ላይ የሚቆለፈው ማገናኛ፣ እና አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር። በርሜሉን ማስያዣ ከፍዬ ከአከፋፋይ ነው የማመጣው። ፍሪዘሩ እንዳለ ቢተው ቢራውን በረዶ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ሶኬት ላይ የሚሰካ ቴርሞስታት (ቅዝቃዜው ሲደርስ ፍሪዘሩን የሚያጠፋ) ገዝቼ 3 ዲግሪ ላይ አደረግኩት። እዚህ ድረስ ልክ ነበርኩ።

ከዛ ፋሲካ መጣ። ቤተሰብ ከሐረርም ከአዲስ አበባም ተሰብስቧል፣ ዶሮ ወጡ ደርሷል፣ ሁሉም ጃምቦውን ይዞ ቆሟል፣ እኔ ቧንቧውን ስከፍት ፉፉፉ ብሎ ነጭ አረፋ ብቻ። አንድ ብርጭቆ ለመሙላት አምስት ደቂቃ እየጠበቅኩ እያስተኛሁ እየደፋሁ፣ እናቴ በመጨረሻ «ተው ልጄ ጠርሙስ አስመጣላቸው» አለችኝ፣ እኔም አስመጣሁ። በዛ ቀን በጣም ነው የከፋኝ፣ ምክንያቱም አጎቴ እዛው ተቀምጦ ነበር።

በነጋታው የጠየቅኩት ሰው በሙሉ አንድ ነገር ነው የነገረኝ፣ ጋዙን ቀንስ። እኔም ቀነስኩ፣ ከ12 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ወደ 8 አወረድኩት። ያን ቀን እውነትም ተሻለ፣ ረጋ ብሎ ይወርዳል፣ በቃ ተፈታ ብዬ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ከበፊቱ ባሰ። እንደገና ወደ 5 አወረድኩ፣ ያው አንድ ቀን ተሻለ እንደገና ባሰ፣ ሳምንቱ ሲያልቅ ደግሞ ቢራው ራሱ ሞቶ እንደ ቆየ ጠላ ለዘብ ብሎ መጣ፣ አረፋው ግን አሁንም አለ። አረፋ ሞልቶ ከስሩ ያለው ቢራ የሞተ፣ ይሄ እንዴት ይሆናል ብዬ ራሴን ያዝኩ።

እዚህ ጋ ነው ጎረቤቴ የገባበት። እዚሁ ድሬ ከዚራ ሰፈር ነው የምንኖረው፣ እሳቸው ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ምድር ባቡር ወርክሾፕ ዕድሜ ልካቸውን የሰሩ ሰው ናቸው፣ ጌጅን፣ ማለትም ግፊት የሚያሳየውን ሰዓት፣ እስካሁን ማኖሜትር ነው የሚሉት። ቢራ አይጠጡም፣ ግን ጋዝና ግፊት ያለበት ነገር ካለ ሳይነኩ አያልፉም። ግቢ ገብተው ጋቢያቸውን አስተካክለው በርጩማ ላይ ተቀመጡና ቧንቧውን ሳያዩት «ቢራው ስንት ዲግሪ ነው?» አሉኝ።

«ሦስት ነው ጋሼ» አልኳቸው።

«እሱ ፍሪጁ ነው። እኔ ያልኩህ ቢራው ነው።»

ለካንስ አንድም ቀን ለክቼው አላውቅም። ቴርሞሜትር አመጣሁ፣ ቀዳሁ፣ ብርጭቆው ውስጥ ነከርነው። የመጀመሪያው ብርጭቆ 14 ዲግሪ። ወዲያው የቀዳሁት ሁለተኛው 10፣ ሦስተኛው 7። በቃ እዚሁ ላይ ግማሹ መልስ ተገኘ፣ እናንተም ሌላ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ይሄን አድርጉ፣ ሦስት ብርጭቆ ተከታትላችሁ ቅዱና እያንዳንዱን ለኩ። የመጀመሪያው ብቻ ሞቃት ሆኖ ቀጥሎ ያሉት ቀዝቃዛ ከሆኑ ችግሩ መንገድ ላይ ነው፣ ማለትም ጎማውና ቧንቧው ላይ። ሁሉም ሞቃት ከሆኑ በርሜሉ ራሱ አልቀዘቀዘም። የኔ ሁለቱም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢራ ውስጥ ያለው ጋዝ ቀዝቃዛ ላይ ሟሙቶ ይቀመጣል፣ ሲሞቅ ይወጣል። ፀሐይ ላይ የቆየ አምቦ ውሃና ከፍሪጅ የወጣ አምቦ ውሃ ስትከፍቱ ያለውን ልዩነት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አንዱ ፊታችሁ ላይ ይፈነዳል ሌላው ጸጥ ይላል፣ ውስጣቸው ያለው ጋዝ ግን እኩል ነው። ድሬ ግንቦት ላይ ጥላ ስር 35 ዲግሪ ሲሆን ክዳኑ ላይ የቆመው ብረት እጅ አያስነካም፣ 3 ዲግሪ የሆነ ቢራ እዛ ትኩስ ብረት ውስጥ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ስለዚህ መጀመሪያ የሰራሁት ቀዝቃዛውን አየር ወደ ላይ መላክ ነበር። ከተበላሸ ኮምፒውተር የወጣች ፋን፣ ባለ 12 ቮልት፣ ከአሮጌ ቻርጀር ጋር አገናኘኋት፣ ፍሪዘሩ ውስጥ ታች አስቀመጥኳት፣ ከሷ ላይ ፒቪሲ ቱቦ ወደ ብረቱ ውስጥ አስገባሁ፣ ብረቱን ከውጭ ጣሪያ ላይ በሚጠቀሙበት የሚያብረቀርቅ ማገጃ ጠቀለልኩት። ይቺ ፋን ሁለት ስራ ነው የሰራችው፣ አንደኛ ብረቱን አቀዘቀዘች፣ ሁለተኛ ፍሪዘሩ ውስጥ ታች 3 ላይ 9 የነበረውን አየር አደባለቀችው፣ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ታች ነው የሚተኛው፣ የቴርሞስታቱ ጫፍ ደግሞ እዛው ታች ነበር የተንጠለጠለው፣ እሱ 3 ደረሰ ብሎ ፍሪዘሩን ያጠፋዋል የበርሜሉ አናት ግን ሙቅ ነው። አሁን ጫፉን በርሜሉ ጎን መሀል ላይ በፕላስተር ለጥፌ ከላዩ ስፖንጅ አድርጌበታለሁ፣ አየሩን ሳይሆን በርሜሉን ነው የሚለካው። ከዚህ በኋላ የመጀመሪያው ብርጭቆ 6፣ ሁለተኛው 4 ሆነ።

ስለ በርሜሉ ማቀዝቀዝ ደግሞ ትዕግስት ነው። ጠዋት አምጥታችሁ ማታ አትቅዱ። ድሬ 30 ዲግሪ ሆኖ የገባ ባለ 30 ሊትር በርሜል ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይፈልጋል፣ ባለ 50 ሊትሩ ሁለት ቀን ይሄዳል። ከሐረር የምታመጡ ከሆናችሁ ደግሞ መንገዱን አስቡት፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ግን ደንገጎን ስትወርዱ ያለውን ጥምዝምዝ ታውቁታላችሁ፣ በርሜሉ ፒክአፕ ኋላ ላይ እየተንከባለለ ሙቀት ውስጥ ይወርዳል፣ ተነቅንቆና ሞቆ ነው የሚደርሰው። እኔ አንዴ እንደደረሰ ገጥሜው ማገናኛው ጋ ራሱ ተፍቶ ልብሴን አበላሸው። አሁን ሐሙስ አስመጥቼ ቅዳሜ ነው የምቀዳው። በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ብታመጡት ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው፣ ብርድ ልብስ ቅዝቃዜውንም ይዞ ነው የሚቆየው።

አሁን ወደ ጋዙ ልመለስ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ጋዝ መቀነስ ለምን እንደማይሰራ ጋሼ ያስረዱኝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሶዳ ይዘው ነው። ክዳኑን ትንሽ ብቻ ላላ አደረጉት፣ ጽጽጽ አለ፣ ወዲያው ከስር አረፋ መነሳት ጀመረ። መልሰው አጠበቁት፣ ቆመ። «አየህ፣ ከላይ የተጫነው ሲነሳለት ነው የሚወጣው» አሉኝ። ቢራውም እንዲሁ ነው፣ ፋብሪካው ሲሞላው የሆነ ያህል ጋዝ ሟሙቶበታል፣ ያንን ጋዝ እዛው ለማቆየት ለዛ ሙቀት የሚመጥን ግፊት ያስፈልጋል፣ ከዛ በታች ካወረዳችሁት ጋዙ ከቢራው እየወጣ ጎማው ውስጥ አረፋ ሆኖ ይቀመጣል። በሞባይል መብራት ጎማውን ብታዩት ቢራው መሀል መሀሉ ላይ ባዶ ባዶ ቦታ ይታያችኋል፣ እሱ ነው። የመጀመሪያው ቀን የሚሻለው ቢራው ስለሚዘገይ ብቻ ነው፣ ሳምንት ሲሆነው ደግሞ ጋዙን ጨርሶ ይሞታል። እኔ ያየሁት በትክክል ይሄንን ነው።

ስንት ይሁን ታዲያ? 3 ዲግሪ ላይ ላለ ተራ ላገር ቢራ ሙቀትና ግፊት የሚያዛምዱት የድራፍት ሰንጠረዦች 12 ፒኤስአይ አካባቢ ይላሉ፣ በባር 0.8 ገደማ ነው። ቢራው 10 ዲግሪ ከሆነ ግን ያንኑ ጋዝ ለመያዝ 18 አካባቢ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሙቀቱን ሳታውቁ ግፊት ማስተካከል ከንቱ ልፋት ነው። አሁን ደግሞ ለኛ አገር ሰው የሚጠቅመው ነገር፣ እነዚህ ሰንጠረዦች የተሰሩት ለባህር ወለል ነው። ጌጁ የሚያሳየው በርሜሉ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው፣ ከፍታ ላይ ደግሞ የውጭው አየር ራሱ ቀላል ነው፣ ስለዚህ በየ600 ሜትሩ አንድ ፒኤስአይ ገደማ መጨመር አለባችሁ። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ነች፣ ሁለት ትጨምራላችሁ፣ 14 ይሆናል። ሐረር 1,900 ሜትር ስለምትጠጋ ሦስት፣ 15። አዲስ አበባ ያላችሁ አራት።

ይሄን ስነግራቸው ጋሼ በጣም ነው ደስ ያላቸው። ባቡሩ እኮ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ሜዳ ላይ የቆመው ሐረር ድረስ ያለውን ዳገት መውጣት ከባድ ስለሆነ ነው፣ ድሬ ራሷ በዛ ምክንያት ነው የተቆረቆረችው፣ እና ያው ዳገት በኛ ጌጅ ላይ አንድ ፒኤስአይ ሆኖ መጣ እያሉ ሲያስረዱ ልጆቹ ሁሉ ተሰበሰቡ።

እናላችሁ 14 አደረግኩት። ቀዘቀዘ፣ ግፊቱ ልክ ሆነ፣ ቧንቧውን ከፈትኩ፣ ቢራው እንደ እሳት አደጋ ውሃ ተወርውሮ ወጣ፣ ብርጭቆው ስር መትቶ መልሶ አረፋ ሆነ። እዚህ ላይ ነው ተስፋ ቆርጬ እቃውን ልሸጠው ያሰብኩት። የቀረው ጎማው ነበር።

የአጎቴ ጎማ ወፍራም ነበር፣ የውስጡ ስፋት 8 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ግሮሰሪው ውስጥ እንዴት ይሰራ እንደነበር በኋላ ነው የገባኝ፣ እነሱ ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጡ ስለሚቀዱ ቧንቧው ቀዝቃዛ ነበር፣ ጋዙንም ዝቅ አድርገው በርሜሉን በአንድ ቀን ነው የሚጨርሱት፣ ቢራው ለመሞት ጊዜ አልነበረውም። ቤት ውስጥ በርሜሉ ሦስት ሳምንት ይቆያል፣ ስለዚህ ግፊቱን ማውረድ አትችሉም፣ የምትችሉት መንገዱን ማጥበብና ማስረዘም ነው። ቢራው በጠባብና ረጅም ጎማ ውስጥ ሲጓዝ ከግድግዳው ጋር እየታሸ ግፊቱን ቀስ እያለ ይጥላል፣ ቧንቧው ጋ ሲደርስ ረግቶ ይወርዳል። ግፊቱን በአንዴ አፍ ላይ ካጣ ግን ይፈነዳል።

ወንድሜ ከአዲስ አበባ ለምግብ የሚሆን፣ የውስጡ ስፋት 5 ሚሊ ሜትር ያልሞላ ጎማ 4 ሜትር ገዝቶ በአውቶብስ ሰደደልኝ። እዚህ ገበያ ያገኘሁት የአትክልት ማጠጫ ነበር፣ እሱን በፍጹም እንዳትሞክሩ፣ ሽታው ቢራው ላይ ይቀራል። በመጀመሪያ 4 ሜትሩን እንዳለ ገጠምኩት፣ በጣም ቀሰስ አለ፣ ግማሽ ሊትር ለመሙላት 25 ሰከንድ ፈጀ፣ ግን አረፋ የለም! እኔና ጋሼ እየተያየን ዝም አልን። ከዛ 20 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ መሞከር፣ እንደገና 20 መቁረጥ፣ 3 ሜትር ከ20 ላይ ግማሽ ሊትሩ በ12 ሰከንድ እየሞላ ከላይ ሁለት ጣት የሚያምር አረፋ ሰርቶ ቆመ። ከዛ በላይ አልቆረጥኩም። ረጅም አድርጋችሁ ጀምሩና ቁረጡ፣ የተቆረጠ ጎማ አይቀጠልም፣ ብትቀጥሉትም መጋጠሚያው ራሱ አረፋ ይሰራል። ጎማውን በርሜሉ ላይ ክብ አድርጋችሁ ጠቅልሉትና ሙሉ በሙሉ ቀዝቃዛው ውስጥ ይተኛ፣ ሲጠቀለል እንዳይታጠፍ ብቻ ተጠንቀቁ።

ይሄ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ለሁለት ወር ሰላም ሆነ፣ ከዛ ቀስ በቀስ አረፋው ተመለሰ። ሙቀቱ ልክ ነው፣ ግፊቱ ልክ ነው፣ ጎማው ያው ነው። ቧንቧውን ፈትቼ ስመለከት ውስጡ ላይ ቢጫ ዝልግልግ ነገር አለ፣ ከሱ ስር ደግሞ እንደ አሸዋ የሚሻክር ቅርፊት። ሳላጥበው ሁለት ወር! ያ ሻካራ ነገር ጋዙ የሚነሳበት ቦታ ይሆናል፣ ጠረኑም ኮምጣጣ ነው። በባለሙያዎቹ ልማድ መስመሩ በየሁለት ሳምንቱ በአልካሊ ማጠቢያ ይታጠባል፣ በየሦስት ወሩ ደግሞ ያንን ቅርፊት ለማንሳት በአሲድ ማጠቢያ። እኔ መጀመሪያ በልብስ ሳሙና ሞክሬ ተጸጽቻለሁ፣ ሽታው ሁለት በርሜል ሙሉ አልለቀቀም፣ ቢራው ላይ መኖር ያለበትን ትንሿን አረፋ ጭምር ገደለው። አሁን ለድራፍት መስመር የተሰራውን ማጠቢያ ነው የምጠቀመው፣ ባር ያለው ጓደኛዬ ያካፍለኛል። ይሄ ነገር ቆዳ ያቃጥላል፣ ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ ልጆች ግቢ ውስጥ ካሉ አስወጡ፣ የአልካሊውንና የአሲዱን ማጠቢያ ወይ ከበረኪና ጋር አንድ ላይ በፍጹም አታገናኙ፣ ካጠባችሁ በኋላ ደግሞ ቢያንስ አስር ሊትር ንጹህ ውሃ አሳልፉበት። ሲታጠብ በርሜሉ ተነቅሎ ጋዙ ተዘግቶ መሆን አለበት። ያረጁ ጎሚኒዎችንም በዛው አጋጣሚ ቀይሩ፣ ማገናኛው ላይ ያለው ጎሚኒ ከተሰነጠቀ ጋዝ ወደ ቢራው መስመር ያስገባል፣ ያኔ ምንም ብታስተካክሉ ቧንቧው እየተፋ ይቀጥላል።

የድሬን ውሃ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ጀበና ላይና ማንቆርቆሪያ ላይ የሚያስቀረው ነጭ ነገር ብርጭቆም ላይ ይቀራል። አረፋ እዛ ላይ ይይዛል። ብርጭቆዎቹን አልፎ አልፎ በሎሚ ወይ በአቼቶ አጥባችሁ በደንብ አለቅልቁ፣ ወጥ ከተበላበት ሳህን ጋር በአንድ ሳፋ አታጥቡ። ንጹህ መሆኑን ለማወቅ ብርጭቆውን በውሃ አርሳችሁ ውስጡን ጨው ነስንሱበት፣ ጨው ያልያዘ ቦታ ካለ እዛ ጋ ቅባት አለ ማለት ነው።

እኔ ሙቀት ነው ብዬ ብርጭቆውን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጥ ነበር፣ እሱም ስህተት ነው፣ በረዶ የያዘ ብርጭቆ አረፋ ያስነሳል። በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቆ እርጥቡን መቅዳት ይበቃል። ሲቀዳ ብርጭቆውን ማዘንበል፣ እጀታውን በአንዴ እስከ መጨረሻው መክፈት፣ ቀስ ብላችሁ ግማሽ ከከፈታችሁት የባሰ ነው የሚሆነው።

አንዳንዴ ደግሞ ሁሉም ልክ ሆኖ ቢራው ከመጠን በላይ ጋዝ ጠጥቶ ይሆናል፣ በተለይ የሆነ ሰው ጌጁን ነካክቶ 25 ምናምን ላይ ከተወው። እኔ ቤት የእህቴ ልጅ ነክቶት አራት ቀን ቆይቷል። መፍትሄው ጋዙን ዘግቶ ማገናኛው ላይ ያለችውን የማስተንፈሻ ቀለበት እየሳቡ ማስተንፈስ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት መተው፣ እንደገና ማስተንፈስ፣ አንድ ቀን ተኩል ፈጅቶብኛል ግን ቢራው ተረፈ።

ሲሊንደሩን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የኔ በረንዳ ላይ ነበር የሚቆመው፣ ከሰዓት ፀሐይ ያገኘዋል። አንድ ቀን ጋሼ የሲሊንደሩን ግፊት የሚያሳየውን የትልቁን ጌጅ ቁጥር አይተው ቆሙ፣ ጠዋት ካየነው በጣም ከፍ ብሏል። «ይሄን አሁኑኑ ጥላ ውስጥ አስገባው» አሉኝ፣ እንደዛ ቆጣ ሲሉ አይቻቸው አላውቅም። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ አብዛኛው ፈሳሽ ነው፣ ከ31 ዲግሪ በላይ ሲሆን ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፈሳሽ ሆኖ መቆየት አይችልም፣ ግፊቱ በፍጥነት ይወጣል። ድሬ 31 ዲግሪ ማለት የጠዋት ነገር ነው። ስለዚህ ጥላ፣ ቀና ብሎ የቆመ፣ ግድግዳ ላይ በሰንሰለት የታሰረ። ሲያስሞሉም እስከ አፉ ሞልተው እንዳይሰጧችሁ፣ በሚዛን ይሞላ። የሚያፈስ ከሆነ በሳሙና ውሃ መጋጠሚያዎቹን ቀብታችሁ ታገኙታላችሁ፣ እና የተዘጋ ክፍል ውስጥ በፍጹም አታስቀምጡት፣ ይሄ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ሽታ የለውም፣ መሬት ላይ ተኝቶ ሰው ያፍናል። ፍሪዘሩን ስትከፍቱም መጀመሪያ ትንሽ አየር ይግባ እንጂ ወዲያው ጭንቅላታችሁን አታስገቡ።

መብራት ሲጠፋ የማደርገውን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ፍሪዘሩን አልከፍትም፣ ከላዩ ሁለት ብርድ ልብስ እጥልበታለሁ፣ አምስት ስድስት ሰዓት ምንም አይሆንም። ከዛ ከበለጠ በረዶ ገዝቼ በፌስታል እያደረግኩ በርሜሉ ዙሪያ እጠቀጥቃለሁ፣ ጎማውንም በረዶው ውስጥ እቀብረዋለሁ። ሙቀቱ ከ8 ካለፈ ግን አልቀዳም፣ እንግዳ ቢመጣ ጠርሙስ ነው የማቀርበው፣ መብራት ሲመጣ አንድ ሌሊት አሳድሬ እጀምራለሁ። በዛ መሀል ግፊቱን መነካካት የለም፣ በኋላ ሙቀቱ ሲመለስ ሁሉም ነገር ይዛባባችኋል።

በዚህ ፋሲካ ከአንዱ በርሜል 57 ብርጭቆ ቆጠርኩ። አጎቴ የመጀመሪያውን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አንስቶ አየው፣ «ከየት ነው ያስመጣኸው?» አለኝ፣ ያው የራሱ ማሽን መሆኑን ስነግረው ተነስቶ ፍሪዘሩን ከፍቶ ጎማውን ማየት ጀመረ። የሐረሯ አክስቴ ልጅም አሁን የራሷን እየተከለች ነው፣ 15 ፒኤስአይና 3 ሜትር ከግማሽ ጎማ ብዬ አስጀምሬያታለሁ፣ ገና ሁለት ጊዜ ነው የቆረጠችው።